የታችኛው ትሪ እንቁላሎች

ከ60 እንቁላል 30 ጫጩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሞከረ ሰው ይሄ ምንም አይልም ብዬ ነበር። እማማ ግን አልተዋጠላቸውም። «ቁጥሩን ተወውና ከየት ከየት እንደወጣ እየው» አሉኝ። አየሁት። 22ቱ ከላይኛው ትሪ፣ 8ቱ ከታችኛው። ማሽኑ አንድ፣ የገቡበት ቀን አንድ፣ የሸጠልን ሰውዬ አንድ።

ነገሩን ከሥር ልጀምረው። እማማ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ በሰፈሩ የታመመ ዶሮም ሆነ የደረቀ ተክል ወደ እኔ ይመጣል። ማሽኑን የሠራው ልጃቸው ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ ባጃጅ ይጠግናል፣ እጁ የገባውን ሁሉ ይፈታል። መሥራት ያቆመ አሮጌ ፍሪጅ ነበራቸው፤ ውስጡን አራገፈና ሁለት አምፖል፣ አንድ የኮምፒውተር ፋን፣ አንድ ቴርሞስታትና ሁለት ትሪ ገጠመለት። ከሥር ለእርጥበት ውሃ የሞላ ሳህን አስቀመጠ። ትሪዎቹ በአንድ የብረት ዘንግ ተያይዘዋል። ዘንጉን ከውጭ ስትስቡት ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ፣ ስትገፉት ወደ ሌላው። እማማ በቀን አምስት ጊዜ ይስባሉ፣ ይገፋሉ። ፀሎት እንኳ እንደዚህ ሰዓት ጠብቄ አላውቅም ይላሉ።

ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚጠበቀው። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ማሞቅ አይደለም፤ በግንቦትና በሰኔ ማቀዝቀዝ ነው። ይሄ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ጫጩት በ21 ቀን ይወጣል። በ22ኛው ቀን ማታ ነው የተጠራሁት። ልጁ ተጠርጣሪውን ይዞ ጨርሷል። «ጋሼ፣ አቦ ተበልተናል! ሰውዬው አውራ ያላገኘ እንቁላል ነው ያሸከመን።» እንቁላሉ የመጣው ከላይ፣ ከሐረር መንገድ ካለ አርቢ ነው። ስልኩን አንስቶ ሊሳደብ ነበር። ቆይ አልኩት። አውራ ያላገኘ እንቁላል ቢሆን ኖሮ ከላይኛውም ትሪ 22 አይወጣም ነበር። አርቢው መጥፎዎቹን ለይቶ ለታችኛው ትሪ አልላከም መቼም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ደንገጎ ነበር። ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው እንኳ ሆዱ ተገለባብጦ ነው ድሬ የሚደርሰው። የተንገጫገጨ እንቁላል በሰፊው ጫፉ በኩል ያለው የአየር ኪስ ሊላቀቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከመንገድ የመጣን እንቁላል ወዲያው ማሽን ውስጥ አይከቱም፣ ሰፊውን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው አንድ ቀን ያሳርፉታል። እማማ አሳርፈውታል። ደግሞም ደንገጎ ሁሉንም ነው ያንገጫገጨው።

ልጁ አንድ ሌላ ሐሳብ አመጣ፣ እኔም ሳቅኩበት፤ በኋላ ግን ሳቄን መልሼ ዋጥኩት። «ጋሼ፣ ሐረር ከፍ ያለ ነው፣ ድሬ ዝቅ ያለ። የመሬት ስበቱ ተለውጦባቸው ይሆን?» ይለወጣል በእርግጥ። ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር አካባቢ ያለችው ድሬ ከሐረር በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ስለምትል ስበቷ በትንሹ ይበልጣል። ግን ልዩነቱ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ እንቁላል ቀርቶ የአሸዋ ገበያ ሚዛንም አያውቀው። ስለዚህ በዚህ መልኩ መልሱ ስህተት ነበር። በሌላ መልኩ ግን ልጁ ጥያቄውን በትክክለኛው ቦታ ነው ያስቀመጠው፤ ነገሩ የስበት ነገር ነበር።

በማግሥቱ ያልተፈለፈሉትን ሰበርናቸው። እማማ ገና ሳንጀምር ዕጣን አጨሱ፣ ልክ ነበሩ። ከታችኛው ትሪ የቀሩት 22 ነበሩ። አራቱ ጥርት ያሉ፣ ምንም ያልጀመሩ። አምስቱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሞተዋል፤ ውስጣቸው የደም ቀለበት ብቻ። አሥራ ሦስቱ ግን ጫጩት ለመሆን ብዙ ርቀት ተጉዘው የቀሩ ነበሩ፣ ላባ ያላቸውም ነበሩባቸው። በብዙዎቹ አጠገብ ያልተጠቀሙበት ነጭ ወፍራም ፈሳሽ ተርፏል፤ ያ ነጭ ክፍል ለጫጩቱ ምግብና ውሃ ነው፣ በወጉ ቢሆን ተስቦ ማለቅ ነበረበት። ሁለቱ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቀዋል። ስስበው አብሮ ተላጠ።

መጣበቁን ሳይ ነው የነቃሁት። «ትሪውን አሳየኝ» አልኩት ልጁን።

ዘንጉን ሳበው። የላይኛው ትሪ ዘነበለ። የታችኛው ንቅንቅ አላለም። ዘንጉ ከታችኛው ትሪ ጋር የሚገናኝበት ብየዳ ለቋል። መቼ እንደለቀቀ ማንም አላየም፤ የፍሪጁ መስኮት ትንሽ ናት፣ የምታሳየውም የላይኛውን ትሪ ብቻ ነው። እማማ አስታወሱ፤ በሦስተኛው ቀን ዘንጉ «ቀለል ብሎኝ ነበር» አሉ። ቅባት የነካው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ስለዚህ እማማ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ በታማኝነት ሲስቡና ሲገፉ የነበሩት ግማሹን ማሽን ነው።

ታዲያ እንቁላል ባይገለበጥ ምን ይሆናል? ይሄን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ ኩሽና ይበቃል። ለፍርፍር እንቁላል ስትሰብሩ አስኳሉ ላይ ትንሽ ነጣ ያለች ነጥብ ታያላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ከላይ ነው። አስኳሉ በነጩ ውስጥ እንደልቡ ስለሚሽከረከርና ነጥቧ ያለችበት ወገን ቀለል ስለሚል፣ እንቁላሉን በፈለጋችሁት ጎን ብታስቀምጡት ተሽከርክራ ወደ ላይ ትመለሳለች። እንቁላሉ አውራ አግኝቶ ከሆነ ጫጩቱ የሚሆነው ከዚያች ነጥብ ነው። በመጀመሪያዎቹ የመታቀፊያ ቀናት ደግሞ ከነጩ ውሃ ወደ አስኳሉ ይገባል፣ አስኳሉ ከነጩ ይልቅ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል። ተንሳፍፎ ጽንሱን ወደ ቅርፊቱ ያስጠጋዋል።

መጠጋቱ ጥሩ ነው። አየር የሚገባው በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ነው፤ ሳንባ ገና የሌለው ጽንስ ኦክስጅን የሚያገኘው ወደ ቅርፊቱ ተጠግቶ ነው። ችግሩ ተጠግቶ ከቀረ ነው። ሳይነቃነቅ ከሰነበተ ይጣበቃል፤ ባይጣበቅም የደም ሥሮቹ በአስኳሉ ላይና በቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደሚገባው አይዘረጉም፣ ነጩም በወጉ አይሳብም። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ያለው ጊዜ ከሁሉም የከፋ ነው። የእማማ ዘንግ የለቀቀው ስንተኛው ቀን ነበር ያልኩት? ሦስተኛው።

የታቀፈች ዶሮ ይሄን ሁሉ ማንም ሳያስተምራት ታደርገዋለች። በመንቁሯ እየጎተተች በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጣቸዋለች። ድሮ እናቴ ዶሮ ታቅፋ ስትነካካ «እረፊ እንጂ» ትላት ነበር፤ ዶሮዋ ግን ሥራ ላይ ነበረች።

ይሄን ለእማማና ለልጁ ቡና እየተጠጣ ሳስረዳ ልጁ ፊንጃሉን አስቀመጠና «ታዲያ ጠፈር ላይ ቢሆን መገልበጥ አያስፈልግም ነበር። ላይ የለ፣ ታች የለ፣ ምን ላይ ይጣበቃል?» አለኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚጠይቀኝ ባገኝ።

መልሱ አለ፤ ሰዎች ሞክረውታል። ጆን ቬሊንገር የሚባል አሜሪካዊ ገና ተማሪ ሳለ ያመጣው ሐሳብ ነው፣ የጫጩት ማሽን ወደ ጠፈር እንላክ የሚል። ገንዘቡን የሸፈነው ማን እንደሆነ ስነግራቸው እማማ ቡናው ትን አላቸው፤ ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን፣ ዶሮ ጠባሹ ድርጅት። የመጀመሪያው ማሽን በጥር 1978 (በፈረንጆቹ 1986) ቻሌንጀር በተባለችው መንኮራኩር ላይ ተጭኖ አብሯት ጠፋ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1981 ላይ፣ ዲስከቨሪ 32 እንቁላል ይዛ ወጣች። 16ቱ ከመነሳታቸው በፊት 2 ቀን የታቀፉ፣ 16ቱ ደግሞ 9 ቀን። በረራው አምስት ቀን ነበር። 9 ቀን የቆዩት ዳኑ፣ ወደ መሬት ከተመለሱ በኋላም ከእነሱ ጫጩት ተፈለፈለ። 2 ቀን ከቆዩት አንድም አልተረፈም።

ልጁ ወዲያው ጣቱን ቀሰረ፦ «የመጀመሪያው ሳምንት!»

አዎ። በመስከረም 1985፣ እንቁጣጣሽ በዋለ በማግሥቱ፣ ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር ስትነሳ ጃፓኖች ነገሩን ደገሙት። 30 እንቁላል፤ አንዳንዱ 10 ቀን የታቀፈ፣ አንዳንዱ 7፣ አንዳንዱ ጭራሽ ያልታቀፈ። ውጤቱ ከፊተኛው ጋር ገጠመ። ትልልቆቹ ባብዛኛው በሕይወት ተመለሱ፣ ሳይታቀፉ የሄዱት ግን ባብዛኛው ሞቱ። ተመራማሪዎቹ ምክንያት ይሆናል ያሉት ልክ እኛ ፍሪጁ ፊት ስንነጋገርበት የነበረው አስኳል ነው። ጠፈር ላይ ቀላል ነገር አይንሳፈፍም፣ ከባድም አይዘቅጥም። አስኳሉ ነጩ መሀል ይቆማል፤ ጽንሱ ወደ ቅርፊቱ አይጠጋም፣ አየሩ ይርቀዋል። ትልልቆቹ ግን ከመነሳታቸው በፊት የደም ሥራቸውን ቅርፊቱ ድረስ ዘርግተው ጨርሰዋል፤ መንሳፈፉ ቢቀርባቸውም አልጎዳቸውም።

ይሄን ስል እኔ ራሴ ነኝ የተደነቅኩት፣ ጎን ለጎን አስቤው አላውቅምና። የእማማ ታችኛው ትሪ የሞተው አስኳሉ ተንሳፍፎ በመቅረቱ ነው። የዲስከቨሪዎቹ የሞቱት፣ ማብራሪያው ልክ ከሆነ፣ ባለመንሳፈፉ። ለጽንሱ ስበቱ ያስፈልገዋል፣ ግን አንድ ጎን ብቻ ይዞት እንዳይቀር አገላባጭ ያስፈልገዋል። ዶሮዋ የምታደርገው ሁለተኛውን ነው፤ አንደኛውን መሬት ራሷ ትጨርሰዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል፣ ክፍል ውስጥም ሁሌ ይበላሻልና። ጠፈር ላይ ስበት የለም ማለት አይደለም። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ እዚህ ካለው 90 በመቶ ገደማ አለ። መንኮራኩሯና ውስጧ ያለው ሁሉ አብረው ስለሚወድቁ ነው ክብደት የሚጠፋው፤ ወደ ጎን በጣም ስለምትፈጥን መሬትን እየዞረች ትወድቃለች እንጂ አትደርስም። ባጃጅ ጉብታ ላይ ዘላ ሆዳችሁ ብን ሲል የሚሰማችሁን ያንን ቅጽበት አስቡና ለአምስት ቀን ዘርጉት።

የእንቁላልና የስበት ጉዳይ ከመታቀፉም በፊት ይጀምራል። ኮቻቭና ኤያል-ጊላዲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳዩትን ስነግራቸው እማማ አላመኑኝም። እንቁላሉ ገና እናቲቱ ሆድ ውስጥ ሳለ፣ ቅርፊቱ ሲሠራ፣ ለሃያ ሰዓት ያህል ቀስ እያለ ይሽከረከራል። በዚህ መሽከርከር ምክንያት ያቺ ነጥብ ዘንበል ብላ ትቀመጣለች፤ ከፍ ብሎ ያረፈው ጠርዟ የጅራት ወገን ይሆናል፣ ዝቅ ያለው የራስ። ማለትም ጫጩቱ ፊቱ ወዴት እንደሆነ የሚወስነው ስበት ነው፣ እንቁላሉ ሳይጣል። «ታዲያ ጠፈር የተላከውም ራሱንና ጅራቱን ከእናቱ ይዞ ነው የሄደው» አሉ እማማ። ይዞ ነው የሄደው።

ግን ስበት ከሌለ ምንም አይሆንም ብዬ ብተወው ዋሽቼ ነው የምሄደው። መጋቢት 13 ቀን 1982 ሚር በተባለው የሶቪየት የጠፈር ጣቢያ ላይ ድርጭት ተፈልፍሏል፤ በጠፈር ላይ ከእንቁላል የወጣ የመጀመሪያው ወፍ ነው። ስለዚህ ጽንሱ እስከ መጨረሻው ሊሄድ ይችላል። ከባዱ ከወጡ በኋላ ሆነ። ጫጩቶቹ የሚቆሙበት ወለል የላቸውም፤ እግራቸውን ያወራጫሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ምግቡ ፊት ራሳቸውን አጽንተው መብላት ያቅታቸዋል። ሰው በእጁ ይዞ ካላጎረሳቸው አይሆንላቸውም። እማማ እዚህ ጋ «ውይ ልጆቼን» አሉ፣ የምራቸውን ነው።

የእንቁራሪቱን ታሪክ ደግሞ እኔ እወደዋለሁ። በዚያው በእንቁጣጣሹ የኢንዴቨር ጉዞ ላይ ሜይ ጀሚሰን ነበረች፤ ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሐኪም፣ ከዚያ በፊት ላይቤሪያና ሴራሊዮን የሠራች። አራት የአፍሪካ እንቁራሪቶች መርፌ ተወግተው እዚያው እንቁላል ጣሉ፣ እንቁላሉም እዚያው ተዳቀለ። የእንቁራሪት እንቁላል ከተዳቀለ በኋላ አስኳል የበዛበት ከባዱ ወገን ወደ ታች ይዞራል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመኖች እንቁላሉን እየገለበጡ ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው፤ ኦስካር ሹልትዘ ለሁለት የተከፈለውን እንቁላል ገልብጦ ይዞት የተጣበቀ መንታ እስከማግኘት ደርሷል። ስለዚህ ጠፈር ላይ ሁሉም ይበላሻል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አልተበላሸም። በመጀመሪያው ላይ ትንሽ ልዩነት ታየ፣ የጽንሱ ጣሪያ የሚባለው ክፍል ወፈረ፣ በኋላ ግን ራሱን አስተካከለ። ጭራ ያላቸው የእንቁራሪት ልጆች ሆኑ። አንድ ነገር ብቻ ቀረባቸው፤ ሳንባቸው አልተነፋም። የእንቁራሪት ልጅ ሳንባውን የሚነፋው ወደ ላይ ዋኝቶ ከውሃው አፍ አየር በመጉረስ ነው። አየሩ አጠገባቸው ነበር። ወደየት እንደሚዋኙ ነው የጠፋቸው። መሬት ሲመለሱ አየሩን አገኙ፣ አድገውም ጤነኛ እንቁራሪት ሆኑ።

ዓሣም አለ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ላይ አራት የጃፓን ሜዳካ ዓሦች ተዳቅለው እንቁላላቸው እዚያው ተፈልፍሏል። ለዓሣ ብዙም የከበደው አይመስልም፣ ውሃ ውስጥ ድሮም ክብደት አያውቅም።

አጥቢዎቹ ላይ ነገሩ ጠበቅ ይላል። እርጉዝ አይጦች በ1994 እና በ1995 እ.ኤ.አ. ተልከው መሬት ተመልሰው ወለዱ። ልጆቹ ሙሉ ናቸው፣ ግን በጀርባቸው ውሃ ውስጥ ሲለቀቁ ወደ ሆዳቸው መገልበጥ ያቅታቸው ነበር። የሰውም የአይጥም ጆሮ ውስጥ ትንንሽ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ፤ የቱ ጋ ታች እንደሆነ የሚነግሩን እነሱ ናቸው፣ በማኅፀን ውስጥ ግን ምንም የተነገራቸው ነገር አልነበረም። ከቀናት በኋላ ተማሩት። በ1998 እ.ኤ.አ. የተላኩት፣ ተወልደው ጥቂት ቀናት የሆናቸው የአይጥ ልጆች ግን ከተመለሱ በኋላም የሚገለበጡበት አኳኋን እንደተለወጠ ቀረ። ልጁ ይሄን ሲሰማ ዝም አለ፤ እሱም የስምንት ወር ልጅ አለው፣ በዚያ ሰሞን መዳህ ጀምራለች።

ወደ ፍሪጁ እንመለስ፤ ጉዳዩ አልተዘጋም ነበር። ዘንጉ ነው ያልኩት ግምት ነው። የታችኛው ትሪ ከአምፖሉ ይርቃል፤ ሙቀት አንሶት ቢሆንስ? ሁለት ቴርሞሜትር አስገብተን ለካን። እውነትም ታችኛው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ይሄ ነገሩን አወሳሰበው። ልጁ ትሪዎቹን እናቀያይራቸው አለ፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። ቦታውንም ዘንጉንም አንድ ላይ ከቀየርን የቱ እንደሠራ በምን እናውቃለን? ብየዳውን ብቻ አድስ፣ ሌላውን አትንካ አልኩት። እንቁላሎቹንም ከዚያው አርቢ አስመጣን፤ ልጁ ከሰውዬው ጋር በስልክ ሲያወራ ድምፁ በጣም ጨዋ ነበር። እማማ በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን ላይ በእርሳስ መስቀል፣ በሌላው ላይ ክብ ሠሩበት፤ የቱ ጎን ወደ ላይ እንዳለ በዓይን ለማየት። ትንሿ መስኮት ወደ ታች አታሳይምና ልጁ ከታች በኩል ሌላ ቀዳዳ በስቶ መስታወት ገጠመ።

በ21ኛውና በ22ኛው ቀን ከላይኛው ትሪ 23 ወጣ። ከታችኛው 20። ግማሽ ዲግሪው እዚያው ነበር፣ አርቢውም ያው፣ ደንገጎም ያው። በአንድ ፍሪጅና በሁለት ዙር ሳይንስ አይጻፍም፣ ይሄን አውቃለሁ፤ የሦስቱ ጫጩት ልዩነት የሙቀቱ ይሁን የዕድል እንጃ። ከ8 ወደ 20 ግን ዕድል ነው ቢለኝ ሰው አልሰማውም።

ልጁ አሁን ዘንጉን ከአንድ አሮጌ የባጃጅ ዋይፐር ሞተር ጋር አያይዞታል። በየሰዓቱ ጢዝ ይላል፣ ትሪዎቹ ይዘነብላሉ፣ ዝም ይላል። እማማ በሞተሩ አያምኑም። ማታ ማታ ባትሪ ይዘው በታችኛው መስኮት ያያሉ፣ መስቀሉ ይሁን ክቡ ከላይ ያለው።